አሮጌ የብረት ሚኒያቸር ለመቀባት አዳማ ላይ የቱ ሱቅ ያዋጣል?

መደምደሚያውን ላስቀድም። አንድ አሮጌ የብረት ሚኒያቸር (ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሠራ ትንሽ የተዋጊ ቅርጽ) ቀብቶና መቆሚያውን አሰናድቶ ለመጨረስ ከሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው አዳማ ገበያ ውስጥ አለ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስቸገር የሚገባው ለሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ለአንድ ጥሩ ብሩሽ፣ ለሰባት ብልቃጥ የሚኒያቸር አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) እና ለማት (ለማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ። ፕራይመሩን፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚረጨውን፣ ግን ማንም አያመጣላችሁም፤ ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይገባም። ደግነቱ የመኪና ቀለም ቤቶች የሚሸጡት ግራጫ ፕራይመር ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ደካማው የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ነው፤ ከሦስት ዕቃ በቀር ለሚኒያቸር የሚሆን ነገር የለውም። ዋጋ አልጻፍኩም፤ የዛሬው ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራምና።

እዚህ መለኪያ የሆነው ምስል የድሮው ዓይነት ነው፦ መጥረቢያ የያዘ ጺማም ድንክ ተዋጊ፣ የሰንሰለት ጥሩር የለበሰ፣ ክብ ጋሻው ለብቻው የተሠራ፣ ከእግሩ ሥር መቆሚያው ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ የብረት ምላስ ያለው። እንዲህ ያሉትን በስፋት ካመረቱት መካከል በ1975 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ ውስጥ የተቋቋመው የአሜሪካው ራል ፓርታ እና የእንግሊዙ ሲታደል ይገኛሉ፤ የሲታደል ምስሎች ዋርሃመር የተባለው የጦርነት ጨዋታ በ1983 ከወጣ በኋላ በሰፊው ታወቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የቀለጠ ቅይጥ በሚሽከረከር የጎማ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይፈስሳል፣ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች በሚገጥሙበት ቦታም ቀጭን መስመር ይቀራል። ያ መስመር ሳይነሳ ከተቀባ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠበቡ ፊቱን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ መስሎ ይታያል።

ወደ ቀለም ከመሄዳችን በፊት ስለ ብረቱ። የድሮዎቹ ምስሎች ከቲን ጋር የተቀየጠ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለባቸው፤ አምራቾቹ እርሳስ ወደሌለበት ቅይጥ የተሻገሩት በ1990ዎቹ ነው፣ ራል ፓርታ ለምሳሌ በ1993። እርሳስ የበዛበትን ለመለየት የምላሱን ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት፤ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ አለው። መያዙ አይጎዳም፣ ብናኙ ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሞረድ የሚያዘው ምስሉን ውሃ እየነከሩ ነው፤ ደረቅ ብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ ሥራው ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፤ የረገፈው በእርጥብ ሶፍት ተጠርጎ ይጣላል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ምስሉ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

በአሮጌ ቀለም የተደፈነ ምስል ከደረሳችሁ ኮስሞቲክስ ሱቅ ያለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይበቃል። ክዳኑ ብረት በሆነ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ምስሉ እስኪሸፈን ሞልታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። የድሮውን የኢናሜል ቀለምም ያነሳል፣ በሱፐር ግሉ የተያያዘውንም ይፈታል፤ ጋሻው ብርጭቆው ግርጌ ወድቆ ብታገኙት አትደንግጡ። ከእሳትና ከሲጋራ ራቁ፣ መስኮት ክፈቱ። የፕላስቲክ መቆሚያ ካለው አስቀድማችሁ አውጡት፣ አሴቶን ያቀልጠዋል። አቼቶ ውስጥ እንዘፍዝፈው የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ፤ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጨው ይፈጥራል። በረኪናም ብረቱን ይበላል እንጂ ቀለሙን በወጉ አያነሳም። በመጨረሻ ሞቅ ባለ ውሃና በላርጎ ታጥቦ ይደርቃል። አዲስ የተገዛ፣ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ምስልም ቢሆን ይህ እጥበት አይቀርለትም፤ ከሞልዱ የተረፈ ዱቄትና የእጅ ቅባት ፕራይመሩን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ጋሻው ክንዱ ላይ ካለችው ጉብታ ጋር በሱፐር ግሉ ብቻ ይያዛል ብላችሁ አትመኑ። ሱፐር ግሉ ሲስቡት ይጠነክራል፣ ወደ ጎን ሲመቱት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ብረት ደግሞ ክብደት አለው። 1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ (የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ቀጭን ጫፍ ይሆናል)፣ በእጅ የሚዞር መያዣ እና የወረቀት ክሊፕ ሽቦ በቂ ናቸው። ሽቦው ጋሻውን ከክንዱ ጋር እንዲያያይዝ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ትሰረስራላችሁ። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ብናኙ መሰርሰሪያው ጉድጓድ ውስጥ ይጣበቅና ጫፉን ይሰብረዋል፤ በየሁለት ሦስት ዙሩ ወደ ኋላ እያወጣችሁ አጽዱት፣ ጫፉንም ሻማ ላይ አሽት አሽት አድርጉት። በኤሌክትሪክ ድሪል አይሞከርም።

አሁን ወደ ፕራይመሩ። ለአዳማ ሰው ትልቁ ፈተና እዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የዕቃው ሳይሆን የነፋሱ ነው። ከከተማው በላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ስፕሬዩ ከአፉ ወጥቶ ምስሉ ጋር ሳይደርስ በነፋስና በሙቀት ከደረቀ፣ ላዩ ላይ የሚያርፈው ቀለም ሳይሆን ዱቄት ነው። ጣታችሁን ስታስኬዱበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ኋላ ላይ የሚቀባው ሁሉ ያንን ሸካራነት ያጎላዋል። አቧራ ያረፈበት ደግሞ በተለየ መንገድ ይታወቃል፦ ጥቃቅን ጉብታዎች እዚህም እዚያም፣ በመካከላቸው ለስላሳ። ሁለቱም የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ሲረጭ ነው። ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሦስት ጎኑ የተዘጋ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ግን ያው ስፕሬይ እንደ ቆዳ ልስልስ ብሎ ይይዛል።

ምስሉን በሃይላንድ ክዳን ላይ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አቁሙት። ቆርቆሮውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቅንቁ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ድምፅ ማሰማት ከጀመረች በኋላ ነው የሚቆጠረው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ መርጨቱን ከምስሉ ውጪ ጀምራችሁ፣ በላዩ አልፋችሁ፣ ከምስሉ ውጪ ጨርሱ። ጣታችሁን ምስሉ ላይ እያለ ከጫናችሁ የመጀመሪያው ወፍራም ጠብታ ጥሩሩ ላይ ያርፍና የሰንሰለቱን ቀለበቶች ይደፍናል። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ዙር፣ በየመካከሉ አሥር ደቂቃ። ከታች ወደ ላይም እርጩ፤ የጺሙና የጋሻው ሥር ሁልጊዜ ይረሳል። ከዚያ 24 ሰዓት ይተው፤ ሽታው ሳይጠፋ አክሪሊክ አይቀባበትም።

ጥቁር፣ ነጭ ወይስ ግራጫ? ግራጫ። ቅርጹ በደንብ የሚነበበው በግራጫ ነው፣ ደግሞም የመኪና ቀለም ቤቱ ግራጫ ፕራይመር ከጥቁሩ ይልቅ ስስ ነው። የመኪና ፕራይመር ጠንካራ ማሟሟቻ ስላለው የፕላስቲክ ሚኒያቸርን ሊያበላሽ ይችላል፤ ብረትን ምንም አያደርገውም። ለበርና ለመስኮት የሚቀባው ቀይ ቡናማ አንቲረስት ግን አይሆንም። በብሩሽ ሲቀባ ውፍረቱ የድንኩን አይንና ጥርስ አንድ ላይ ይውጠዋል፣ ቲነር ብታበዙበት ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ያልኳቸው ሦስት ዕቃዎች ነጭ የአናጢ ኮላ፣ ሮንዴላ እና የቧንቧ ማሸጊያ ኢፖክሲ ናቸው፤ እንመለስባቸዋለን።

ቀለሙ ላይ ሐቁን እንነጋገር። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው የተማሪ አክሪሊክ ቱቦ መጥፎ አይደለም፣ ግን ለሸራ የተሠራ ነው። ቅንጣቱ ሻካራ ነው፤ ሲቀጥን ይበጣጠሳል፤ ቢጫውና ቀዩ ከሥር ያለውን አይሸፍኑም። ለመቆሚያ፣ ለቆዳ ቀበቶ፣ ለቦት ጫማ ይበቃል። ለፊት አይበቃም። እንደ ስፔኑ ቀለም አምራች ቫዬሆ ያለው ባለ ማንጠባጠቢያ ብልቃጥ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ በአንድ ጠብታ ውሃ ቀጥኖም ይሸፍናል። ከውጭ የሚታዘዙት ሰባቱ እነዚህ ይሁኑ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ቡናማ፣ የአፈር ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ብርማ። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ይቀየጣል። ትምህርት ቤት የሚያገለግለው ፖስተር ቀለም ርካሽነቱ እንዳያታልላችሁ፤ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል፣ ሁለተኛው ሽፋን የመጀመሪያውን ይዞ ይሄዳል።

በአዳማ ሙቀት አክሪሊክ ሳህን ላይ ሲወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያወጣል። መፍትሔው እርጥብ ፓሌት ነው፦ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ፣ ውስጡ ውሃ የጠጣ ስስ የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወይም የተደራረበ ሶፍት፣ ከላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለሙ ከሥር እርጥበት እየሳበ ለሰዓታት ይቆያል። ወረቀቱ ላይ ውሃ ከተኛ ስፖንጁ ከመጠን በላይ ጠጥቷል፤ ጨመቅ አድርጉት። በየሁለት ቀኑ ውሃው ካልተቀየረ ይሸታል።

ስለ ብሩሽ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ቁጥር 1 የሆነ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሚሰበሰብ አንድ ኮሊንስኪ ከተባለ እንስሳ ጸጉር የተሠራ ብሩሽ ሙሉ ምስሉን ይጨርሳል፤ ዓይንም ቢሆን በእሱ ነው የሚሳለው፣ ወሳኙ የጫፉ ሹልነት እንጂ የብሩሹ ቅጥነት አይደለም። ቀለም ጸጉሩ ከብረቱ ጋር እስከሚገናኝበት ከዘለቀ ጫፉ ይበተናልና ግማሹን ብቻ ንከሩ። የጥፍር ማስዋቢያ ብሩሾች ለቀጥታ መስመር ጥሩ ናቸው፣ ግን ሰው ሠራሽ ጸጉራቸው ቶሎ ጫፉ ይጎብጣል። ያልጠበቅነው ምርጥ ዕቃ ከዚያው ከኮስሞቲክስ ሱቅ የወጣው ክብ የዓይን ጥላ ብሩሽ ነው። ለደረቅ ብሩሽ ሥራ፣ ማለትም ቀለሙን ሶፍት ላይ ጠርጎ በቀረው ብናኝ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ለመንካት፣ ለዚሁ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የተሻለ ነው።

ቀለም ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ከዚያ ቀበቶና ጫማ። ጥሩሩ ስለሚያረክስ እሱን ከሁሉ በፊት መጨረስ ይሻላል። ጥቁር ቀቡት፣ በክቡ ብሩሽ ብርማውን በስሱ አስኬዱበት፣ ዎሽ አፍስሱበት። ብርማ ቀለም የነካው ውሃ ወዲያው ይደፋ፤ የብረት ቅንጣቶቹ ወደ ፊቱ ተሻግረው ድንኩን እንደ ሙሽራ ያብለጨልጩታል።

ዎሽ ወደ ጉድጓዶቹ ፈስሶ ጥላ የሚሰጥ ቀጭን ቀለም ነው። አንድ ጠብታ ቡናማና ጥቁር ቅይጥ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጠብታ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ማት ቫርኒሽ። ቫርኒሹ ከቀረ ቀለሙ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቀለበት ይሠራል። ላርጎ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ብቻ መንካት ይቻላል፤ ሲበዛ አረፋ ይሆናል፣ አረፋውም ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ጋሻው ላይ ከተኛ፣ እርጥብ ብሩሽ ጨመቅ አድርጋችሁ ጫፉን አስነኩት፤ ይመጠዋል። ሊደርቅ ሲል አትነካኩት፣ ይቀደዳል።

ፊቱ ላይ ግን ቆም እንበል። በብልቃጥ ተዘጋጅተው የሚሸጡት የቆዳ ቀለሞች አብዛኛዎቹ ለሐምራዊ ሮዝ ጉንጭ የተቀየጡ ናቸው፤ መመሪያዎቹም ብርሃን ለመጨመር ነጭ ጨምሩ ይላሉ። ድንክ በምናብ ዓለም የሚኖር ፍጥረት ነው፣ የእኛን አገር ቆዳ እንዳይለብስ የሚከለክለው የለም። ለጠይም ቆዳ ሁለት እጅ ጥቁር ቡናማ፣ አንድ እጅ የአፈር ቢጫ እና በብሩሽ ጫፍ የተነካ ቀይ ቀይጡ። ለጥላው ከዚያው ቅይጥ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨምሩ እንጂ ጥቁር አትጨምሩ፤ ጥቁር ቆዳውን ያሞተዋል። ለብርሃኑ ደግሞ የአፈር ቢጫ፤ በጉንጭ አጥንት፣ በአፍንጫ ድልድይ፣ በታችኛው ከንፈር እና በጣት አንጓ ላይ። ነጭ ከገባበት ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ነጭ የሚፈቀደው ለአፍንጫው ጫፍ ለምትሆን አንዲት ነጥብ፣ ያውም ከቢጫው ጋር ተቀይጦ ነው።

ዓይኑን ከቆዳው የመጨረሻ ብርሃን በፊት ጨርሱ፣ ያመለጠው በቆዳው ቀለም እንዲስተካከል። ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ወደ ቡናማ ያጋደለ ነጭ፤ ብሌኑ ደግሞ ነጥብ ሳይሆን ከላይኛው ቆብ እስከ ታችኛው የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር። ነጥብ ከሆነ ዙሪያውን ነጭ ይታይና ተዋጊው የደነገጠ ይመስላል። በዚህ በ25 ሚሊ ሜትሩ የድሮ መጠን ከሆነ ግን ቅንድቡ ሥር ጥቁር ቡናማ ጥላ ብቻ መተውም ያምራል፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ማንም ልዩነቱን አያይም።

መቆሚያው ላይ አዳማ ተወዳዳሪ የላትም። ሌላ አገር በትንሽ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እዚህ ግንባታ ባለበት ሁሉ ተቆልሎ ይታያል፦ ሬድ አሽ። ከባለቤቱ አንድ እፍኝ ለምኑ። አጥባችሁ አቧራውን አስወጡ (ይህን የዘለለ ሰው ኮላው አቧራውን እንጂ ድንጋዩን አይዝለትም)፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ሰባብሩ፣ በሁለት ወንፊት ንፉ። በሻይ ማጥለያ ያለፈው አፈር ይሆናል፣ በሰፋ ወንፊት ያለፈው ጠጠር። ወንፊቱ ወደ ማድ ቤት አይመለስ። በምስሉ መጠን 1 ሚሊ ሜትር በእውነተኛው ዓለም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ 5 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ለድንኩ እግር ማሳረፊያ የሚሆን አለት ነው። ከእንዲህ ያለው አንድ ይበቃል፤ የተለመደው ስህተት አንድ ወጥ ጠጠር ዳር እስከ ዳር መበተን ነው፣ የዶሮ መኖ የተበተነ ያስመስለዋል።

ለመቆሚያው የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮንዴላ እመርጣለሁ። ክብደቱ ምስሉን እንዳይወድቅ ያደርገዋል፣ ብረት ስለሆነም ማግኔት ይይዘዋል። ምላሱን በሴጌቶ ቆርጣችሁ፣ እግሩን ሰርስራችሁ ሽቦ ካስገባችሁ በኋላ የሮንዴላውን ቀዳዳ በኢፖክሲ ድፈኑና ሽቦውን ሳይጠነክር አስገቡት። ይህ የቧንቧ ኢፖክሲ ቶሎ ይደርቃል፣ ሻካራም ነው፤ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ጺም አይቀረጽበትም። ምስሉ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዓይነት ከሆነ ግን ምላሱን አትንኩት፣ ሲቆረጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ባለ ስንጥቅ የፕላስቲክ መቆሚያ ፈልጉለት።

ነጩን ኮላ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ መጀመሪያ አለቱን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ በመጨረሻ ደቃቁን። ሲያድር አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምራችሁ በላዩ አንጠባጥቡ። ላርጎ ከሌለ ውሃው ጠጠሩ ላይ እንደ ዶቃ ይቆማል፣ ውስጥ አይገባም። ሬድ አሹ ራሱ ቀይ ነውና ቀለም ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ያስፈልገዋል፤ ኮላ የጠጣ ሬድ አሽ ወደ ጥቁር ጉበት ይለወጣል፣ ምስሉ ላይ ካለው ጥላና ብርሃን ጋርም አይገጥምም። ጥቁር ቡናማ በሙሉ፣ ከዚያ የሸክላ ቀይ በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ የአፈር ቢጫ ጫፍ ጫፉን ብቻ። የተማሪው ቱቦ ቀለም ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው።

ለሣር የቃጫ ገመድ ይፈታል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ፣ ጭብጥ አድርጋችሁ ሥሩን ወፍራም ኮላ ውስጥ ነክራችሁ አለቱ ጥግ ትከሉት። ሳይቀባም የበጋ ሣር ቀለም አለው። ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ነክሮ መበተን ግን አልወደድኩትም፤ የቱንም ያህል ቢነፋ ሰጋቱራነቱን አይለቅም። የመቆሚያው ጠርዝ በጥቁር ወይም በጥቁር ቡናማ አንድ ወጥ ይቀባ።

የብረት ምስል ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ ይላጣል፤ ከባድ ነው፣ ሲወድቅም በመጥረቢያው ጫፍ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ። የመኪናው ክሊር (ቀለም የሌለው) ስፕሬይ እንደ ፕራይመሩ በማለዳ፣ በጣም ስስ ሆኖ፣ አክሪሊኩ ቢያንስ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ይሠራል፤ በወፍራሙ ከተረጨ ግን ማሟሟቻው ከሥር ያለውን ቀለም ያሸበሽበዋል። እሱ የሚያመጣውን አንጸባራቂነት ከውጭ የመጣው ማት ቫርኒሽ በብሩሽ ተቀብቶ ያጠፋዋል፤ ብልቃጡ በደንብ ካልተነቀነቀ ማት የሚያደርገው ዱቄት ግርጌ ይቀርና ምስሉ እንዳንጸባረቀ ይቀራል። ጥሩሩንና መጥረቢያውን ማት አትንኩባቸው። ለእንጨት የሚሸጠው የዘይት ቫርኒሽ ከጊዜ ጋር ቢጫ ስለሚሆን አይታሰብ።

ማስቀመጫው የፕላስቲክ ሳጥን ይሁን፣ ወለሉ ላይ ማግኔት የተለጠፈበት። አዲስ የእንጨት ሣጥን፣ በተለይ ቫርኒሹ ገና የሚሸት፣ አሲድ ያለበት ትነት ያወጣል፤ እርሳስ ያለበት ምስል እዚያ ውስጥ ሲከርም ቀለም ያልሸፈነው ሥፍራ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቀስ በቀስም ብረቱ ይበላል። ያ ነጭ ዱቄት መርዝ ነው፤ በአፍ እፍ አይባልም፣ በእርጥብ ሶፍት ተጠርጎ ይጣላል፣ ምስሉም ከሌሎቹ ይለያል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ክተቷት።